ከጉልበት ጅማት ቀዶ ጥገና በኋላ፦ ሾክዌቭ፣ ፊዚዮቴራፒ ወይስ ሌላ? ለመምረጥ የሚረዳ ንጽጽር

የኤሲኤል (የጉልበት መሐል ጅማት) ቀዶ ጥገና ያደረገ ሰው ቤት ጠያቂ አይጠፋም። ጠያቂም ባዶ እጁን አይመጣም፤ ብርቱካኑንም ምክሩንም ይዞ ነው። አንዱ «እጃቸው መድኃኒት የሆነ ወጌሻ አውቃለሁ» ይላል። ሌላዋ «የአክስቴ ልጅ ዱባይ ውስጥ በሾክዌቭ ነው ቶሎ የተነሳው» ትላለች። ጎረምሳው ደግሞ ስልኩን አውጥቶ፣ ጉልበቱ ላይ ሽጉጥ የመሰለ ዕቃ የተደገነበት ተጫዋች ያሳያል። ታማሚው ክራንቹን አጠገቡ አስደግፎ ሁሉንም ያዳምጣል። ግራ ይገባዋል።

ይሄ ጽሑፍ ለእሱ ነው። ሐሳቤን ከአሁኑ ልናገር። ሾክዌቭ፣ ማለትም በማሽን የሚላክ የግፊት ሞገድ ሕክምና፣ የፊዚዮቴራፒ ተወዳዳሪ አይደለም። ፊዚዮቴራፒው በደንብ እየሄደ፣ የተለየ ችግር ሲኖር ብቻ የሚጨመር ነገር ነው። ስለዚህ ማሽን ከማሽን ከማወዳደራችሁ በፊት ሁለት ነገር እወቁ፦ ያስቸገራችሁ ምንድን ነው? ከቀዶ ጥገናው ስንተኛ ሳምንት ላይ ናችሁ? ምርጫው በአብዛኛው ከእነዚህ ሁለት መልሶች ይወጣል።

ጉልበቱ ውስጥ ምን እየሆነ ነው?

ኤሲኤል በጉልበት መሐል በሰያፍ ተሻግሮ የጭን አጥንትን ከቅልጥም አጥንት ጋር የሚያስር ጅማት ነው። ቅልጥም ወደ ፊት እንዳይሸሽ፣ ሰውነት ሲዞር ጉልበት እንዳይከዳ ይይዛል። ሲበጠስ ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ መልሶ አይሰፋውም፤ በሌላ ጅማት ይተካዋል። ምትኩ ከኋላ ጭን ሊወሰድ ይችላል። ከጉልበት ሎሚ በታች ወይም በላይ ካለው ጅማት የሚወስዱም አሉ። ከዚያ በጭኑና በቅልጥሙ አጥንት ላይ ቀዳዳ ይበሳል፣ አዲሱ ጅማት በዚያ ያልፋል፣ በብሎን ወይም በሌላ ማሰሪያ ይያዛል።

ከቀዶ ጥገናው ማግስት ጀምሮ ሰውነት ሁለት ሥራ አለበት። የመጀመሪያው ጅማቱን ከቀዳዳው ግድግዳ ጋር ማጣበቅ ነው። አጥር ሲታጠር አዲስ የተተከለ ምሰሶ ዙሪያው ያለው አፈር እስኪጠብቅ ድረስ ይነቃነቃል፤ ይሄም እንደዚያው ነው። ከሎሚው በታች የተወሰደ ጅማት ጫፍና ጫፉ ላይ የአጥንት ቁራጭ ስላለው፣ አጥንት ከአጥንት ጋር በ6 እስከ 8 ሳምንት ገደማ ይያያዛል። የኋላ ጭን ጅማት ግን ልስልስ ነው። ከአጥንት ጋር ለመያያዝ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል።

ሁለተኛው ሥራ ይበልጥ ይረዝማል። የተተካው ጅማት ከቦታው ሲነቀል የደም ሥሩ ይቋረጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጡ ያሉት ሴሎች ይሞታሉ። ቀስ በቀስ አዲስ የደም ሥርና አዲስ ሴል ይገባበታል፣ ከዚያ እንደገና ይገነባል። ይሄ ከዓመት በላይ ይወስዳል። ጅማቱ በጣም የሚደክመው በመሐሉ ነው፤ በግምት ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት።

አስቸጋሪው ነገር ይሄ ጊዜ ሰውየው «ድኛለሁ» የሚልበት መሆኑ ነው። እብጠቱ ጎድሏል። ክራንቹ ተጥሏል። የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ ሳይደገፍ መውጣት ጀምሯል። ኳስ ያምረዋል። ሕመም ጠፋ ማለት ጅማቱ ጠነከረ ማለት አይደለም። ሕመምን የሚቀንስ ማንኛውም ሕክምና፣ ሾክዌቭንም ጨምሮ፣ ይሄንን የተሳሳተ ስሜት ሊያባብሰው ይችላል።

ሾክዌቭ ሲሉ የትኛውን ነው?

ሾክዌቭ የመጣው ከኩላሊት ጠጠር ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ሙኒክ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ኩላሊት ጠጠር ከውጭ በተላከ የግፊት ሞገድ ተሰባበረ። በኋላ ሐኪሞች ያንኑ ሞገድ አቅሙን ቀንሰው ለአጥንትና ለጅማት መጠቀም ጀመሩ። የአሜሪካው የመድኃኒትና የምግብ ቁጥጥር ተቋም በ2000 ለተረከዝ ሕመም፣ ከዚያም ለክርን ጅማት ሕመም ፈቀደው። ለኤሲኤል የተለመደና የጸደቀ ሕክምና ነው ብሎ የሚነግራችሁ ሰው ካለ ግን ጥንቃቄ አይጎዳም።

ጅማት ላይ ሲሆን ሞገዱ የሚሰብረው ነገር የለም። ሕብረ ሕዋሱን በተደጋጋሚ ይመታል። ምቱ ሴሎችን ይቀሰቅሳል፣ አዳዲስ ትንንሽ የደም ሥሮች እንዲያድጉ ይገፋፋል፣ የሕመም ነርቮችንም ለጊዜው ያደነዝዛል። ሐሳቡ ለኤሲኤል ለምን እንደሚማርክ ግልጽ ነው። የተተካው ጅማት የሚቸግረው ደም ነው፤ ሾክዌቭ ደግሞ ደም ሥር ያመጣል ይባላል።

ነገር ግን በገበያው ላይ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ዓይነት ማሽኖች አሉ። ልዩነታቸው ትልቅ ነው።

አንደኛው ራዲያል ይባላል። በታመቀ አየር የሚወነጨፍ ትንሽ ብረት የመሣሪያውን ጫፍ ይመታዋል፣ ግፊቱ ከቆዳ ጀምሮ ወደ ዙሪያው ይበተናል። ኃይሉ ቆዳ ላይ ይበረታል፣ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር ይደክማል፤ ከ3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር በኋላ ብዙም አይቀረው። እንደውም የፊዚክስ ሰዎች «ይሄ እውነተኛ ሾክዌቭ አይደለም፣ የግፊት ሞገድ ነው» ይላሉ። ዋጋው ዝቅ ስለሚል በብዙ ክሊኒክ የሚገኘው ይሄኛው ነው።

ሁለተኛው ፎከስድ ነው። ሞገዱን አንድ ነጥብ ላይ ያነጣጥራል፣ እንደ ማሽኑ ዓይነት እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ ሊደርስ ይችላል። ውድ ነው። የሚይዘውም ሰው የት እንደሚያነጣጥር ማወቅ አለበት።

እንዴት ትለያላችሁ? የራዲያል ኃይል የሚለካው በባር ነው፤ ጎማ ስንነፋ እንደምንሰማው ያለ መለኪያ። የፎከስድ ኃይል በሚሊጁል በካሬ ሚሊ ሜትር ይነገራል። ባለሙያውን «ስንት ላይ ነው የምታደርጉልኝ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ በባር ከመጣ ራዲያል ነው። ድምፁም ያስታውቃል፤ ራዲያል እንደ መዶሻ ቶሎ ቶሎ ይንኳኳል።

ይሄ ለምን ያስፈልጋል? ኤሲኤል ያለው ጉልበት መሐል፣ አጥንት ተከቦ ነው። ራዲያል ማሽን እዚያ ይደርሳል ብዬ አላስብም። ከሎሚው በታች ያለው ጅማት ግን ከቆዳ ሥር ቅርብ ነው፤ ለእሱ ራዲያልም ይበቃል። ስለዚህ «አዲሱ ጅማትህ ቶሎ እንዲድን» ብሎ ራዲያል የሚሸጥላችሁ ክሊኒክ ወይ ማሽኑን አያውቀውም ወይ ደንበኛውን አያከብርም።

ጥናቶቹ ምን ያህል ያሳምናሉ?

ጥናት አለ። ዝም ብሎ ማስታወቂያ አይደለም። በ2014 የታይዋን ሐኪሞች በ53 ታካሚዎች ላይ ያደረጉትን አወጡ። ለግማሾቹ ያህል ቀዶ ጥገናው እንዳለቀ፣ ከማደንዘዣው ሳይነቁ ሾክዌቭ ተሰጣቸው። ከሌላው ቡድን ጋር ሲወዳደሩ የጉልበት አገልግሎታቸው የተሻለ ሆኖ ተገኘ፤ የአጥንቱ ቀዳዳ መስፋትም ቀነሰ። ማሌዥያ ውስጥም ተመሳሳይ ሙከራ ተደርጓል። በ2023 ደግሞ ኦስትሪያ ውስጥ የኋላ ጭን ጅማት የተተካላቸው ሰዎች በ4ኛው፣ በ5ኛውና በ6ኛው ሳምንት ፎከስድ ሾክዌቭ ተሰጥቷቸው፣ በኤምአርአይ ሲታይ ጅማታቸው የተሻለ እንደበሰለና ቶሎ ወደ ስፖርት እንደተመለሱ ተዘገበ።

ደስ ይላል። ግን እነዚህ ጥናቶች እያንዳንዳቸው ጥቂት ደርዘን ሰው ላይ የቆሙ ናቸው። ታማሚ የሚፈራው ትልቁ ነገር የጅማቱ ዳግም መበጠስ ነው። ሾክዌቭ ይሄንን ይቀንሳል ለማለት እጅግ ብዙ ሰው ለዓመታት መከታተል ይጠይቃል። ያ አልተደረገም። ኤምአርአይ ላይ ማማርና ሜዳ ላይ መጽናት ደግሞ ይለያያሉ።

«ቶሎ ተመለሱ» የሚለውም በራሱ አያስደስተኝም። ኖርዌይ ውስጥ ተሠርቶ በ2016 የወጣ የታወቀ ጥናት አለ። ወደ መዞርና መዝለል ያለበት ስፖርት መመለስ እስከ 9ኛው ወር ድረስ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ዳግም የመጎዳት ዕድል በ51 በመቶ እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳየ። ቨርጂል ቫን ዳይክ በጥቅምት 2020 ተጎድቶ ለሊቨርፑል መልሶ የተሰለፈው በሐምሌ 2021 መጨረሻ፣ ያውም በወዳጅነት ጨዋታ ነው። የማንቸስተር ሲቲው ሮድሪ በመስከረም 2024 ከአርሰናል ጋር ተጎድቶ ሜዳ የረገጠው በግንቦት 2025 ነው። እነዚህ ሰዎች የፈለጉትን ማሽን የሚያመጣላቸው ክለብ ነበራቸው። ያም ሆኖ ስምንት ወር ገደማና ከዚያ በላይ ፈጅቶባቸዋል። «በሦስት ወር ኳስ ሜዳ ትገባለህ» የሚል ክሊኒክ ከማንቸስተር ሲቲ የበለጠ ምን እንዳለው መጠየቅ ነው።

በችግራችሁ ምረጡ

አሁን ወደ ንጽጽሩ እንግባ። ሰው የሚመጣበትን ችግር አንድ በአንድ ላንሳ።

*ጉልበቴ አይዘረጋም።* ከሁሉም ይሄ ያሳስበኛል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጉልበት ሙሉ በሙሉ መዘርጋት እንዲጀምር ይፈለጋል። ተረከዝን ፎጣ ላይ አስቀምጦ ከጉልበት ሥር ያለውን ባዶ መተው፣ በቀን ብዙ ጊዜ መድገም፣ የፊት ጭን ጡንቻን እየወጠሩ ማላላት፤ መድኃኒቱ ይሄ ነው። ዋጋው ዜሮ ብር ነው። ከጉልበት ሥር ትራስ አድርጎ መተኛት ይመቻል፣ ግን ጉልበትን ታጥፎ ያስቀራል። እናቶች ይሄን ትራስ ማስገባት ይወዳሉ፤ በፍቅር እምቢ በሉ። ሾክዌቭ እዚህ ቦታ የለውም። ሳምንታት አልፈው አሁንም ካልተዘረጋ ውስጡ ጠባሳ በቅሎ መንገድ ሊዘጋ ስለሚችል ቀዶ ጥገና ያደረገላችሁ ሐኪም ይየው። ጉልበትን በራሱ የሚያጥፍና የሚዘረጋ ማሽን የሚያከራዩም አሉ። ከጊዜያዊ ምቾት ያለፈ ዘላቂ ጥቅሙ አልታየም። ገንዘባችሁን ያዙ።

*ጭኔ ከሳ፣ ጡንቻው አልታዘዝ አለኝ።* የሁሉም ሰው ችግር ነው። ጉልበት ሲያብጥ አንጎል የፊት ጭን ጡንቻን ያጠፋዋል። ሾክዌቭ አይቀሰቅሰውም። እዚህ ላይ ከማሽኖች ሁሉ የማከብረው ጡንቻን በኤሌክትሪክ የሚያነቃቃውን ነው፤ አንዳንድ ክሊኒኮች «ስቲሙሌሽን» ይሉታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከእንቅስቃሴ ጋር ሲደረግ እንቅስቃሴ ብቻውን ከሚያመጣው የተሻለ የጡንቻ ጥንካሬ እንደሚሰጥ በደንብ ተጠንቷል። አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። ቴንስ ከሚባለው ጋር አታምታቱት። ቴንስ ቆዳን ውርር አድርጎ ሕመም ያስታግሳል እንጂ ጡንቻ አይገነባም። ትክክለኛው ሲሠራ ጡንቻው ሲጨበጥ በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ ትንሽም ያንገበግባል። የቤት ማሽኑ ከብዙ የሾክዌቭ ቀጠሮ ያነሰ ገንዘብ ሊፈጅ ይችላል፣ ለወራትም ያገለግላል። የልብ ምት ማስተካከያ ያለው ሰውና ነፍሰ ጡር ግን ሐኪም ሳያማክሩ አይሞክሩት።

ሌላው መንገድ ጭን ላይ እንደ ደም ግፊት መለኪያ ያለ ማሰሪያ አድርጎ፣ የደም ፍሰቱን በከፊል እየገቱ በቀላል ክብደት መሥራት ነው። ሰው በአንድ ጊዜ ሊያነሳ ከሚችለው ከ20 እስከ 30 በመቶ በሚሆን ክብደት ጡንቻ ይገነባል፤ ከባድ ማንሳት ለተከለከለ ሰው ትልቅ ዕድል ነው። ግፊቱ ተለክቶ ነው የሚደረገው። ቤት ውስጥ በላስቲክ ወይም በነጠላ ጫፍ አስሮ የሚሠራ አይቻለሁ፤ በፍጹም አታድርጉት። ደም ከዚህ በፊት የረጋበት ሰውም አይነካው።

*ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ያመኛል።* በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በረዶ፣ እግርን ከፍ ማድረግና ማሰሪያ ይበቃሉ። በረዶ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። መብራት ከጠፋና ፍሪጁ ካልቀዘቀዘ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ፎጣ እየቀያየሩ ማድረግ ይቻላል። በረዶ ሕመም ያስታግሳል፣ ከዚያ በላይ አትጠብቁ። እብጠቱ ወራት አልፎም በየስፖርቱ የሚመለስ ከሆነ ጉልበቱ «አበዛችሁብኝ» እያለ ነው። መልሱ ሥራውን መቀነስ ነው፣ ማሽን መጨመር አይደለም። አልትራሳውንድና ሌዘር የሚባሉትም በዚህ ሰበብ ይሰጣሉ። ማስረጃቸው ደካማ ነው። አንድ ሰዓት ቀጠሮ ይዛችሁ አርባ ደቂቃውን ማሽን ሥር ተኝታችሁ የምታሳልፉ ከሆነ ክሊኒክ ቀይሩ።

*ከሎሚው በታች ያመኛል፤ ደረጃ ስወርድ፣ ስንበረከክ።* ጅማታቸው ከዚያ ቦታ የተወሰደ ሰዎች ይሄን ሕመም ያውቁታል። በእኛ አገር ደግሞ መንበርከክ ቀላል ነገር አይደለም። ስግደት አለ፣ ሶላት አለ፣ ቡና ለማፍላት ዝቅ ያለች በርጩማ አለች፣ የቁጢጥ ሽንት ቤት አለ። ለሾክዌቭ ቦታ የምሰጠው እዚህ ነው፤ እሱም በቅድመ ሁኔታ። ቀዶ ጥገናው ካለፈ ቢያንስ ሦስት ወር ሆኖ፣ ጅማቱን ቀስ በቀስ እየጫኑ የማጠንከር ሥራ በትክክል ለሳምንታት ተሞክሮ፣ ሕመሙ አልለቅ ካለ፣ ሐኪሙም ከተስማማ መሞከር ይቻላል። የተለመደው በሳምንት አንዴ ከ3 እስከ 5 ጊዜ፣ በየጊዜው 2,000 ምት ገደማ፣ ጥቂት ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ ለውጥ ከሌለ ቁሙ።

እዚህም ቢሆን ተስፋችሁን ለኩት። ቀዶ ጥገና ባልተደረገለት የሎሚ በታች ጅማት ሕመም ላይ የተደረጉት ጥናቶች ራሳቸው አይስማሙም። ኔዘርላንድስ ውስጥ በውድድር ላይ ባሉ 62 የመረብ ኳስ፣ የቅርጫት ኳስና የእጅ ኳስ ተጫዋቾች ላይ ተሠርቶ በ2011 የወጣ ጥናት ሾክዌቭ ከማስመሰያው ሕክምና የተሻለ ሆኖ አላገኘውም። የሾክዌቭ ጠንካራ ማስረጃ ያለው ተረከዝና ካልሲየም የተጠራቀመበት ትከሻ ላይ ነው።

*ጅማቱ ራሱ ቶሎ እንዲበስል እፈልጋለሁ።* ፎከስድ ማሽን ያለው፣ ቀዶ ጥገናውን ካደረገው ሐኪም ጋር የሚነጋገር ክሊኒክ ካገኛችሁ፣ የኋላ ጭን ጅማት ከሆነ የተተካው፣ ገንዘቡም ከሌላ አስፈላጊ ነገር ካልተነጠቀ፣ በ4ኛውና በ6ኛው ሳምንት መካከል መሞከር ያስኬዳል። የምትገዙት ግን ተስፋ ሰጪ ሙከራ መሆኑን አውቃችሁ ግዙት። ከደም የሚዘጋጀው ፒአርፒ መርፌም በዚሁ ምክንያት ይሸጣል። ውጤቱ ከጥናት ጥናት ይለያያል፣ ዋጋው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሾክዌቭ ይበልጣል። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ መርፌ የሌለበትን እመርጣለሁ።

ወጌሻስ?

ይሄን ጥያቄ የውጭ አገር ጽሑፍ አይመልስላችሁም፤ ስለዚህ በግልጽ እንነጋገር። ወጌሻ ለወለምታና ለውልቃት ያለውን ስም አልነጥቅም። ብዙ ሰፈር ውስጥ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው እዚያ ነው። ቀዶ ጥገና የተደረገለት ጉልበት ግን የወጌሻ አይደለም። ውስጡ ብሎን አለ፣ ገና ያልያዘ ጅማት አለ። «ትንሽ ላላቅቀው» ተብሎ በኃይል የታጠፈ ጉልበት በአንድ ከሰዓት የስድስት ሳምንት ድካም ሊያበላሽ ይችላል።

ሌላም አደጋ አለ። ከቀዶ ጥገና በኋላ ባት ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ባቱ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ያማል። ዘመድ ይሄን «የጡንቻ መጨማደድ» ብሎ በቅባት ማሸት ይጀምራል። የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ሕይወት ያጠፋል። ሾክዌቭም እንደዚሁ የረጋ ደም ባለበት እግር ላይ አይደረግም። ሕንድ፣ ታይላንድ ወይም ቱርክ ሄደው ቀዶ ጥገና ያደረጉ ሰዎች ረጅም በረራ ስለሚጨመርባቸው በተለይ ይጠንቀቁ። ባት በአንድ ወገን ካበጠ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ጠዋትን አትጠብቁ።

ሊያሹላችሁ የሚመጡትን አሮጊቶች ላለማስቀየም ከፈለጋችሁ ትከሻችሁን ይሹላችሁ። እሱም ከክራንቹ የተነሳ ይደክማል።

ሾክዌቭ የማይሆንለት ማን ነው?

ነፍሰ ጡር። የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ወይም ደሙ የማይረጋ ሰው። ቁስሉ ያልደረቀ ወይም የተመረዘ። በቦታው ካንሰር ያለበት። የልብ ምት ማስተካከያ ያለው፣ ሐኪሙ ካልፈቀደ በስተቀር። ቁመቱ ገና እያደገ ያለ ልጅ፣ ምክንያቱም ጉልበት አካባቢ የአጥንት ማደጊያ አለ። በቅርብ ሳምንታት ቦታው ላይ የስቴሮይድ መርፌ የተወጋም ይቆይ። ብሎን መኖሩ ብቻውን አይከለክልም፤ ብዙ ሰው ይሄን በከንቱ ይፈራል።

ሲደረግ ያማል። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን መቅላት፣ መበለዝ ወይም የሕመም መጨመር ይኖራል። ከዚያ ያለፈ ከሆነ ተናገሩ።

ገንዘቡ የት ይሂድ?

በጀታችሁ ውስን ከሆነ ቅደም ተከተሌ ይሄ ነው። መጀመሪያ ጥሩ ፊዚዮቴራፒስት፤ በየቀኑ ባይሆን እንኳ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ አይቶ ሥራውን የሚያሳድግ። ቀጥሎ ከሦስተኛው ወር በኋላ የጂም ክፍያ፣ ምክንያቱም ጭን በላስቲክ ብቻ አይመለስም። ከዚያ የኤሌክትሪክ ማነቃቂያው። ሾክዌቭ ከእነዚህ በኋላ ነው። ብዙ ሰው የሚያደርገው የተገላቢጦሽ ነው፤ በሁለተኛው ወር በማሽን ገንዘቡን ይጨርስና በአምስተኛው ወር፣ ዋናው ሥራ ሲጀመር፣ ይጠፋል።

አሜሪካ ያላችሁ ሁለት ነገር ይገጥማችኋል። ብዙ ኢንሹራንሶች ሾክዌቭን «ገና በሙከራ ላይ ያለ» ብለው አይከፍሉም። ብዙ ዕቅዶች ደግሞ በዓመት የሚከፍሉለትን የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ይገድባሉ። ስለዚህ ቀጠሮዎቻችሁን በመጀመሪያው ወር አትጨርሷቸው፤ ወደ ሩጫና ዝላይ ለምትመለሱበት ጊዜ ቆጥቡ። ጀርመን ውስጥ የሕዝብ ኢንሹራንስ ከ2019 ጀምሮ ሾክዌቭን የሚከፍለው ለተረከዝ ሕመም ነው፤ ለኤሲኤል ከኪስ ነው የሚወጣው። ዓረብ አገር በአሠሪ ኢንሹራንስ ያላችሁ ደግሞ ቅድመ ፈቃድ ሳይመጣ ቀጠሮ አትጀምሩ፤ ሒሳቡ በኋላ ወደ እናንተ ይዞራል።

ለክሊኒኩ ከመክፈላችሁ በፊት

የቀዶ ጥገና ሪፖርታችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ውጭ አገር የታከማችሁ ከሆነ ሳትመለሱ በፊት ተቀበሉት፣ በስልካችሁም ፎቶ አንሱት። ጅማቱ ከየት እንደተወሰደ፣ በምን እንደታሰረ፣ ሜኒስከስ (በጉልበት አጥንቶች መሐል ያለው ትራስ መሰል ልስልስ አጥንት) አብሮ ተሰፍቶ እንደሆነ የሚያሳየው እሱ ነው። ሜኒስከስ ከተሰፋ የማጠፍና የመርገጥ ገደቡ ይለያል። ሪፖርቱን ሳያይ ማሽኑን የሚያነሳ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ተነሱና ውጡ።

ከዚያ ጠይቁ። ማሽኑ ራዲያል ነው ፎከስድ? የምታነጣጥሩት የትኛው ቦታ ላይ ነው? ስንት ጊዜ ነው፣ ካልሠራ መቼ ነው የምናቆመው? በዚያው ቀን እንቅስቃሴ አሠርቶኝ የሚለቀኝ ሰው አለ? «አሥር ጊዜ ቀድመህ ከከፈልክ ቅናሽ አለ» የሚል ጥቅል ከቀረበላችሁ አትቀበሉ። ሦስቱን ሞክሩ፣ ከእያንዳንዱ በፊት አንድ ደረጃ ወርዳችሁ ሕመሙን ከ10 ስንት እንደሆነ ጻፉ። ቁጥሩ ካልወረደ አራተኛው አያስፈልግም።

የጭናችሁንም ጥንካሬ አስለኩ። ወደ ኳስ ለመመለስ የታመመው እግር የፊት ጭን ጥንካሬ ከጤነኛው ቢያንስ 90 በመቶ እንዲደርስ ይጠበቃል፣ በአንድ እግር ዝላይም እንደዚሁ። የሚለካ ማሽን ከሌለ በጂም የእግር መዘርጊያ ላይ በአንድ እግር የምታነሱትን ክብደት ግራና ቀኝ ማወዳደር ይቻላል፤ ጊዜውንና አቀማመጡን ፊዚዮቴራፒስቱ ይወስን። ክሊኒኩ በየወሩ ይሄን ቁጥር የሚመዘግብላችሁ ከሆነ፣ ሾክዌቭ ባይኖረውም እዚያው ቆዩ።